በፔርሙስ የገባው ስጎ

ክሊፎርድ ራምስቦተም ከሰሜን፣ ከኦልድሃም መጥቶ በርመንድሲ የወንዝ ወደብ ላይ ክሬን መንዳት ሲጀምር ሠላሳን አልፎ ነበር። ሥራውን ወደደው፤ ወንዙንም ወደደው። አልዋጥልህ ያለው የእትዬ ኦሊቭ አረንጓዴ ስጎ ብቻ ነበር።

እኛ የወደብ ሰዎች ምሳ የምንበላው እሳቸው ምግብ ቤት ነው። ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረበት ትኩስ ፓይ፣ ከጎኑ የተፈጨ ድንች፣ ከላዩ በፓርስሊ ቅጠል አረንጓዴ የሆነ ስጎ። በርበሬ ያደረበት አቼቶ ማርከፍከፍ የበላተኛው ፈንታ ነው። ክሊፎርድ የመጀመሪያ ቀን ሳህኑን ትኩር ብሎ አየና፣

«ቡናማው የለም?» አለ።

ሁላችንም ከሳህናችን ቀና አልን።

«ቡናማ ምን?» አሉ እትዬ ኦሊቭ፣ ጭልፋቸውን እንደያዙ።

«የሥጋ ስጎ ነዋ። እኛ አገር ፓይ ያለሱ አይበላም።»

«እንግዲያው አገርህ ሄደህ ብላ፣ ልጄ።»

አልሄደም። ቡናማውን ስጎ ራሱ እየሠራ በፔርሙስ ይዞ መምጣት ጀመረ። ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ያስገባና እትዬ ኦሊቭ ዞር ሲሉ ሳህኑ ላይ ጠብ ያደርጋል። እኛ አይተን እንዳላየን ሆንን፤ እኔማ በጋዜጣ እከልለው ነበር። ያጋለጠው የሽንኩርቱ ሽታ ነው።

«አምጣ» አሉት አንድ ቀን፣ እጃቸውን ዘርግተው።

«ምኑን?»

«ብብትህ ውስጥ የሚጨሰውን።»

ከፈቱት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ከደኑት።

«ይሄ ነገር ከዚህ ደፍ አያልፍም። አንተም አብረኸው።»

ከዚያ በኋላ ክሊፎርድ ውጭ፣ ካፊያው እየመታው፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ ይበላ ጀመር። ሳህኑን በመስኮት የምታቀብለው የእትዬ ኦሊቭ ልጅ ዊኒ ነበረች።

«እስቲ አቅምሰኝ» አለችው አንድ ቀን፣ ጣቷን ነክራ።

«እንዴት ነው?»

«እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይላል።»

በማግስቱ ግን ደግማ ቀመሰች። በሳልስቱም። ብርዱ ሲለቅ ዊኒ መስኮቱ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ስለረዘመ የኛ ፓይ ሳህኑ ላይ ይቀዘቅዝ ጀመር። እናቷ ጠሯት።

«ንገሪኝ፣ የወደድሽው ሰውየውን ነው ወይስ ስጎውን?»

«ሰውየውን ነው፣ እማዬ።»

«ተመስገን» አሉ እትዬ ኦሊቭ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «እኔ ደግሞ ስጎውን መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ።»

በሰኔ ተጋቡ። ክሊፎርድ ወደ ቤቱ እንዲገባ ተፈቀደለት፤ ፔርሙሱ ግን ውጭ ቀረ። ዓመታት አልፈው ወደቡ ሲዘጋና ክሬኑ ሲሸጥ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። እትዬ ኦሊቭ ጉልበታቸው ከድቷቸው ስለነበር ሽርጡን ወረወሩለት። ሊጥ መዳመጥ የያዘበት ፍጥነት እኛንም እሱንም አስገረመ። እሳቸው ግን፣ «እጁ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ምላሱ ላይ ነው» ብለው ዘጉት።

አሁን ምድጃው የሱ ነው። ሦስቱ ልጆቹ የሚናገሩት እንደኛ ነው፤ አፉን በከፈተ ቁጥር በሰሜን አነጋገሩ ይስቁበታል። እሱም በጣም ያረረውን ፓይ መርጦ ይሰጣቸዋል።