ምንም አላስተማረችንም

አክስቴ የምትናፍቃት ልጅ አለች፤ የወለደቻት ግን አይደለችም። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ከደንበኛ ጋር ሙሉ ቀን ብትጨቃጨቅ አይደክማትም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን አፏ ይተሳሰር ነበር። ሊቀመንበሩ ሴቶች አስተያየት ስጡ ሲል ጫማዋን ታያለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ያንኑ ሊቀመንበር አፈር ድሜ ታበላዋለች።

ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ልጅም ስላልነበራት፣ የጓሮ ክፍሏን ለአንዲት የድርጅት ሠራተኛ አከራየች። መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሚሉት ነው፤ እኛ ግን የምናውቀው ልጅቷን ነው። በሞተር ስለምትዞር ባለሞተሯ እንላታለን። ማታ ጭቃ በጭቃ ሆና ስትገባ አክስቴ እየተቆጣች ውሃ ታሞቅላታለች። ልጅቷ "እማ" ብላ የጠራቻት ቀንማ ተዉት፤ ከዚያ ወዲያ "የኔዋ ልጅ እኮ" እያለች ጆሯችንን በላችው።

ባለሞተሯ የመንደሩን ሴቶች የምትሰበስበው በአክስቴ የስፌት ክፍል ነበር። የመሬታቸው ወረቀት ላይ ስማቸው ከባላቸው ስም ጎን እንዲገባ፣ ተቆፍሮ የተዘጋው የውሃ ጉድጓድ ለምን እንደማይከፈት ሹሙን ፊት ለፊት እንዲጠይቁ ታለማምዳቸዋለች። አክስቴን ብድግ አድርጋ "አሁን ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ፣ በይ ጠይቂኝ" ስትላት ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ውሎ አድሮ አክስቴ ሳትንተባተብ መጠየቅ ቻለች። ቻለች ስል እዚያው ቤቷ ውስጥ ነው እንግዲህ።

ምርጫ ሲቃረብ ወሬ ተነሳ። ድርጅቱ በልማት ስም ፖለቲካ ያስተምራል ተባለና ገምጋሚዎች ከከተማ ሊመጡ ሆነ። አክስቴ ልጄን ሊያስሩብኝ ነው ብላ ሴቶቹን ቤት ለቤት ዞራ አስማማቻቸው፤ ከተጠየቃችሁ ምንም አልነገረችንም በሉ፣ ከዚያ ሌላ ቃል እንዳይወጣችሁ አለቻቸው። ለራሷ ለባለሞተሯ እንዳይነገራትም አስጠነቀቀች፤ ካወቀች እውነቱን ተናገሩ ማለቷ አይቀርማ።

የግምገማው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ባለሞተሯ ከገምጋሚዎቹ ጎን ተቀምጣለች። ሰብሳቢው፣ ይህች ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን አስተማረቻችሁ ብሎ ጠየቀ። አክስቴ ተነሳች። ቀጥ ብላ ቆመች፤ ድምጿም ንቅንቅ አላለም።

"ምንም አላስተማረችንም። ስለ መሬት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ምርጫ ከአፏ የሰማነው ነገር የለም። ትመጣለች፣ ታድራለች፣ ትሄዳለች።"

ሌሎቹም እየተነሱ ያንኑ ደገሙ። ባለሞተሯ ዓይን ዓይናቸውን ስታይ ቆይታ አቀረቀረች። ሰብሳቢው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ፊቱ ፈካ። ብዙም ሳይቆይ ውሳኔው መጣ። ፖለቲካ የሚል ቃል የለበትም። ድርጅቱ ያለ ሥራ መቀመጡ በነዋሪው ስለተመሰከረበት ፈቃዱ ተሰርዟል ይላል። አይ እኛ፤ እንዳትታሰር ብለን ጠቅልላ እንድትሄድ አደረግናት።

ሞተሯ መኪና ላይ ተጭኖ ሾፌሩ ቶሎ በይ እያለ ሲጣራ አክስቴ ነገሩን ላስረዳ ብላ ጀምራ የልጅቷን ኮሌታ ማቃናት ያዘች። ያ ሁሉ አንደበት በሚያስፈልጋት ሰዓት ከዳት። ልጅቷ አቅፋ ሳመቻትና "ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽ፣ እማ" አለቻት። ምርቃት ይሁን ቅያሜ እስከ ዛሬ አልለየልንም።

አሁን አክስቴ ከስብሰባ አትቀርም። የጉድጓዱን ነገር ሳታነሳ ስለማትቀመጥ ሊቀመንበሩ ገና ሲያያት ይጨንቀዋል። የጓሮውን ክፍል ግን ለማንም አላከራየችውም፤ አልጋውን እያነጠፈች ትዘጋዋለች። ሞተር ሲያልፍ እግሯ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀጥ ይላል። ልጅቷ ብልህ ናት፣ ለእሷ ብለሽ እንደዋሸሽ ገብቷታል ብዬ ስንት ጊዜ ላጽናናት ሞክሬያለሁ። በቀደም ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀና ብላ አየችኝ።

"ከገባት ታዲያ ለምን ብቅ አትልም?"