ያቺ አንድ ጭብጨባ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። የሆነው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ እያየ ነው። ግን እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። ከአእምሮዬ የማይወጣውም እሱ ነው።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የልጄ ልጅ ሊዲያ አብራኝ ትኖራለች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሪዞርት ውስጥ እሑድ እሑድ አስር ሰዓት ላይ ሰርከስ የሚያሳይ ቡድን አለ። ትርኢቱ የተጀመረው እሷ ገና ሕፃን ሳለች ነው። እሷ ከገባችበት ደግሞ ስምንት ዓመት ሆናት።

በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አይቻት አላውቅም። ሰፈር ውስጥ የምፈራ ሴትዮ ነኝ። የውሃ ወረፋ የሚያልፍ ሰው ካለ ጀሪካኑን አንስቼ መጨረሻ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ የፈለገው ባለሥልጣን ይሁን። ልጄ ሰው ትከሻ ላይ ቆማ ወደ ኋላዋ ስትወድቅ ማየት ግን አልችልም። እሑድ አስር ሰዓት ሲሆን በሬን ዘግቼ ምስር እለቅማለሁ። ጠጠር ባይኖረውም እለቅማለሁ።

ከዚያ ሪዞርቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣለት። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ሰርከሱ ጊዜው አልፏል፣ ቦታው ለሙዚቃ ቢሆን ይሻላል ማለት ጀመረ። በመጨረሻ ለቡድኑ ቁርጡን ነገራቸው፤ በሚመጣው እሑድ ራሱ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ወንበሩ ካልሞላ ትርኢቱ ይቀራል።

ሊዲያ ይህን ስትነግረኝ እጇ ምግቡ ላይ ቀርቶ ነበር። «አስራ አራት ሰዎች ነን እቴቴ። ከዚህ ሌላ የምናውቀው ሥራ የለም» አለችኝ።

ተናደድኩ። ሰው ስንት ዓመት የለፋበት ነገር በአንድ እሑድ ይፈረድበታል? «ወንበሩ ካልሞላ ነው ያለው? እኔ እሞላዋለሁ» አልኳት።

የእድራችንን ሴቶች ሰበሰብኩ። ጎረቤቴ ፋጡማ ከመጋላ ሰፈር እህቶቿንና ምራቶቿን ጨምራ መጣች። በሁለት ሚኒባስ ታጭቀን ሄድን። መንገድ ላይ ፋጡማ ስትስቅብኝ ነበር። «አቦ አንቺ ሴትዮ! ስምንት ዓመት ብቻሽን ስትፈሪ ኖረሽ ዛሬ እኛንም ጭነሽ ልታስፈሪን ነው?» ትለኛለች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከመድረኩ በስተግራ የፊተኞቹን ወንበሮች ያዝን። ቦታው ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ከመሀል ተቀምጧል። ኳስ የሚወረውሩት፣ በአንድ ጎማ ብስክሌት የሚሄዱት ወጡ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ።

መጨረሻ ላይ ሊዲያ ወጣች። አንድ ወንድ ቆመ፣ ትከሻው ላይ ሌላ ቆመ፣ ከእሱ በላይ እሷ ቆመች። ጀርባዋን ሰጥታ ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላዋ፣ ከታች የሚይዛት አብዲ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው የቀፊራ ሰፈር ሰው ነው፤ አብረው መሥራት ከጀመሩ ጀምሮ ከእሱ ሌላ ሰው ይዟት አያውቅም። ቤታችን ሲመጣ በሩን በትከሻው ሞልቶ ነው የሚገባው።

ሊዲያ እዚያ ላይ ሆና እጇን ዘረጋች። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር ድንገት ከላዬ ወረደ። እንዲህ ታምራለች ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሳላስበው ብድግ አልኩና መዳፌን አንዴ ጠንክሬ አጨበጨብኩ። እልል ልል አፌን ስከፍት ሊዲያ ራሷን ለቀቀች።

አብዲ ያኔ ጎንበስ ብሎ ላብ ያራሰውን መዳፉን በአፈር እያሸ ነበር። ቀና ሲል እሷ አየር ላይ ናት። እጁን ለመዘርጋት ጊዜ አላገኘም። ትከሻውን ከሥሯ አስገባ። የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሊዲያ ዓይኗን ከፍታ ሰማዩን ታያለች፤ አትንቀሳቀስም። ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩት። ልጄ ሞተች አልኩ በሆዴ። አደራ የሰጠችኝ የእናቷ ፊት መጣብኝ፤ ምን ብዬ ልነግራት ነው አልኩ።  ከዚያ ኡህ ኡህ ብላ ሳለችና ተነፈሰች።

አብዲ አጠገቧ ተቀምጧል። ትከሻው ወልቆ እጁ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔን ሲያይ ሊስቅ ሞከረ። «እማማ አብሽሪ፣ እሷ ምንም አልሆነች። እኔ ነኝ የተሰበርኩት» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላችን ቆሞ «ይኸው፣ እኔ የምለው ይህን ነበር» ሲል ሰማሁት።

አብዲን ሐኪም ቤት አድርሰን በባጃጅ ስንመለስ ሊዲያ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነው። «ለምን አጨበጨበ? ሳይዘጋጅ ለምን አጨበጨበ?»

«ማን?» አልኳት።

አስረዳችኝ። እሷ አብዲን አታየውም። እሱ ሲዘጋጅ አንዴ ያጨበጭባል፤ ያንን ስትሰማ ትለቃለች። ለዚህ ነው እሷ ስትቆም ሰው ሁሉ ዝም የሚለው። አሠልጣኙ ቀድሞ ተመልካቹን ይለምናል፤ የድሬ ሰው ደግሞ ለምዶታል፣ ሕፃን ቢያለቅስ እንኳ ይዘውት ይወጣሉ። የዚያን ዕለት ግን ዝም በሉ ያለን አልነበረም። እኔና ያመጣኋቸው ሴቶች ደግሞ ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም።

«የሚገርመው ከግራ በኩል ነው የሰማሁት» አለችኝ።

እጆቼን ከነጠላዬ ሥር ደበቅኋቸው።  ባጃጁ ሳቢያን ደረሰ፣ ወረድን፣ እራት ቀረበ፤ እኔ ምንም አልተናገርኩም። የልጄን ልጅ ልገድላት ነበር የሚለውን ቃል ለራሷ ለልጅቱ እንዴት ይነግሩታል? ጠዋትም አልነገርኳት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቡድኑን በሙሉ ጠራ። ሊዲያ ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ አብሬያት ሄድኩ፤ ከበሩ አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። አብዲ እጁ አንገቱ ላይ ታስሯል። ሥራ አስኪያጁ ሰው ሊሞት ነበር፣ ጥፋቱ የአብዲ ነው፣ እሱ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል፣ ትርኢቱም ይዘጋል አለ።

«ወላሂ አላጨበጨብኩም» አለ አብዲ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሊዲያ ዞረ። «ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም?»

ሊዲያ እንባዋ መጣ። «ሰምቻለሁ» አለች።

አብዲ አያት። አልተቆጣም። ልጄን በትከሻው ያተረፈ ሰው በልጄ አፍ ሲፈረድበት እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።  የፈራሁት ሥራ አስኪያጁን አይደለም፤ ሊዲያ ዞር ብላ የምታየኝን አስተያየት ነበር።

«ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ተነስቼ ቆምኩ። «ከግራ በኩል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አጨበጨብኩ፣ እሷ ለቀቀች። ይህ ሰው ምንም አላጠፋም።»

ሥራ አስኪያጁ በትሕትና «እናቴ፣ እርስዎ ተመልካች ነዎት። ተመልካች ቢያጨበጭብ አይፈረድበትም» አለኝ።

«ታዲያ በእሱ ለምን ትፈርዳለህ? ሁልጊዜ ዝም በሉ ይባላል አሉ። የዚያን ዕለት ለምን ቀረ?»

 አሠልጣኙ አንገቱን ደፍቶ «እንዲቀር ታዘን ነው። እንግዳ ዝም በል አይባልም ተብለን» አለ። ማን እንዳዘዘ አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ ሰው ነው ያዩት። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ያለውን ወረቀት ሰበሰበ፣ መልሶ ዘረጋው። አብዲ ሥራው ላይ እንዲቆይ፣ ትከሻው ሲድን አንድ ጊዜ እንዲያሳዩና ያኔ እንደሚወስን ተናግሮ ወጣ።

የአብዲ ትከሻ ድኗል። የሚያሳዩት በሚመጣው እሑድ ነው። ትርኢቱ ይዘጋል ብዬ እፈራለሁ፤ አይዘጋም ብዬም እፈራለሁ። ለአስራ አራቱም እንዲቀጥል እጸልያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሊዲያ እዚያ ላይ ቆማ ዓይኗን ስትጨፍን ይታየኛል።

ሊዲያ ያን ጊዜ አምስት ቀን አላናገረችኝም። በስድስተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ጭብጨባው አልጠየቀችኝም፤ ሳታውቂ ነው ያደረግሽው አለችኝ። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«እቴቴ፣ አብዲን ሊያባርሩት ባይነሱ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?»

ሰፌዱን ሳብኩና ጠጠር የሌለውን ምስር መልቀም ጀመርኩ።