ሞንታርቦውና የአባባ ሰይድ በጎች

ደንብ አስከባሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አስተባባሪያችን አቶ ደምሴ ገመድ ሰጡኝና፣ "አስፋልት ላይ የቆመች አህያ አለች፤ ወደ ወረዳው ግቢ አምጫት" አሉኝ። አሰርኳት። የሄድነው ግን ወደ ወረዳው ሳይሆን እሷ ወደፈለገችው ነው። በጭነት መኪኖች መሀል እየጎተተች ቃሊቲን አስጎበኘችኝ። አንድ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ከሁለታችሁ የታሰረችው ማናት?" አለን።

ብዙም ሳይቆይ ወረዳው ከብት በአስፋልትና በወንዝ ዳር ልቅ እንዳይለቀቅ ወሰነ። ልቅ የተገኘ ይወረሳል። ማስታወቂያው ድምፀ ጎርናና ለሆንኩት ለእኔ ተሰጠ። ፒካፕ ላይ ሞንታርቦ ተጭኖ በየመንደሩ እዞር ጀመር።

"አቶ ደምሴ፣ ይኼ ሞንታርቦ ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው የተገዛው አልተባለም?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ልቅ በግም አደጋ ነው" አሉኝ።

ከወንዙ ዳር ነዋሪዎች አስቸጋሪው አባባ ሰይድ ነበሩ። ከወሎ የመጡ በግ ነጋዴ ናቸው። የሞንታርቦው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ በጎቻቸው ከደጅ ይጠፋሉ።

"አባባ፣ በጎቹስ?"

"የምን በግ ልጄ? በግ ካየሁ ሰነበትኩ።"

ከመጋረጃው ጀርባ "ምእእ" አለ።

"ባለቤቴ ናት፤ ጉንፋን ይዟታል" አሉ፣ ፊታቸው ቅንጣት ሳይለወጥ።

አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ላይኛው ከተማ ዶፍ ጥሎ ወንዙ ሞልቷል፤ ዳር ያሉት ቶሎ ይውጡ ተባለ። እኛ ዘንድ ግን ፀሐይዋ ልብስ ታደርቃለች። ከሹፌሩ ከሙሉጌታ ጋር በረርን።

"ጎርፍ እየመጣ ነው! ከቤት ውጡ!" ብዬ ጮኽኩ። ማንም አልተነቃነቀም። አባባ ሰይድ ብቅ ብለው ሰማዩን አዩና፣ "በየቱ ዝናብ? በጎቹን እንድናወጣላችሁ ነው? ይኼን ብልሃት ለሌላ!" ብለው በሩን ዘጉ።

ወንዙ ደፍርሶ ግንድ ይዞ እየወረደ ነበር። ሙሉጌታን መኪናውን በታች በኩል እንዲያቆም አደረግኩት፤ ከእኛ ለሚሸሽ ሰው ማምለጫው ወደ ዳገቱ ብቻ እንዲሆን። ከዚያ ማይኩን አነሳሁ።

"ማስታወቂያ! ዛሬ ቤት ለቤት ገብተን ያገኘነውን በግ ሁሉ እንጭናለን!"

መንደሩ ተተራመሰ። በግ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ሕፃን፣ ሁሉም ታቅፎ ዳገቱን ወጣ። አባባ ሰይድ ሙክቱን ተሸክመው ከፊት ናቸው። "ጉንፋን የያዛቸው" ባለቤታቸው ሁለት ግልገል ታቅፈው ይከተላሉ። ሙሉጌታ፣ "ውሃው ጎማውን ነካው!" ብሎ ሲጮህ እኛም ተከተልናቸው።

ከዳገቱ ላይ ሆነን ውሃው በየቤቱ ሲገባ አየን። ፍራሽ ተንሳፈፈ፤ ቆርቆሮ ሄደ። አባባ ሰይድ ሙክቱን እንደታቀፉ ወደ እኔ መጡ።

"ዋሸሽን።"

"አዎ፣ አባባ።"

"በጉንስ ትወስጂዋለሽ?"

"አልወስድም።"

"እንግዲያ አላህ ውሸትሽን ይቀበልልሽ" አሉና እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

በማግስቱ በስብሰባ ላይ በወረዳው ሥራ አስፈፃሚ ፊት ቀረብኩ።

"ያልተወሰነ እርምጃ በማን ትዕዛዝ አስታወቅሽ?"

"በውሃው" አልኩ።

አቶ ደምሴ ሳላቸው መጣ። በዚያው ስብሰባ ሞንታርቦው ለአደጋ ብቻ እንዲውል፣ የከብቱን ደንብ ግን በእግራችን እየሄድን በር እያንኳኳን እንድናስረዳ ተወሰነ። እግሬ ቢያምም ሥራው ቀለለ።

አዲስ ለሚቀጠሩ የምነግራቸው ይኼንኑ ነው፦ የአደጋ ድምፅ ለሌላ ነገር አይዋል። በሌላ ነገር የለመደው ሰው አደጋው ሲመጣ አያምነውም።