ማክሰኞ የሌለበት መዝገብ

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የደመወዝ ዝርዝሩ ብቻ ነው። ለተማሪው፣ ለዘበኛውና ለሻይ ቤቷ ሴት እሱ «ዶክተር ጠብታ» ነው። ከሸክላ ማሰሮ ሥር ብርጭቆ ደቅኖ፣ ሰዓቱን እያየ ጠብታ ሲቆጥር ሃያ ዓመት የኖረን ሰው ሌላ ምን ይሉታል? ራሱም ለምዶታል፤ አንዳንዴ ስልክ ሲያነሳ «ጠብታ ነኝ» ሊል ይዳዳዋል።

ማሰሮው የውሃ ማጣሪያ ነው። ሸክላ አፈርና የተነፋ ሰጋቱራ ተቦክቶ ይሠራል። እቶን ሲገባ ሰጋቱራው ይቃጠልና በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል። ድፍርስ ውሃ ከላይ ይጨመራል፣ ጥሩ ውሃ ከታች ይንጠባጠባል። ነገሩ ይኸው ነው። ታናሽ እህቱ እሁድ እሁድ ስትደውል «እህስ፣ ያ ሸክላህ ጠብ አለልህ?» ትለዋለች። «ጠብ ጠብ እያለ ነው» ይላታል። ከዚያ ወዲያ የሚያወሩት ስለ ጉልበቷ ሕመም ነው፤ እሱም አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሚስት አላገባም። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጸጥ ይላል።

ማሰሮውን ብቻውን አልሠራውም። እቶኑን የሚያነደው ሰው ነበር፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሩቅ፣ አጭር፣ ቅንድቡን የእሳት ወላፈን የላጠው። እሱን ደግሞ «አቶ ለምን» ይሉታል። ዝናብ ጣለ ሲሉት «ለምን ዛሬ?» የሚል ሰው ነበር።

በምርምር ሥራ አንድ ሕግ አለ። ተመራማሪ የዕለት ሥራውን በጥራዝ መዝገብ ላይ በቀለም ይጽፋል። ከየገጹ ግርጌ ሁለት መስመር አለ። አንዱ የሠሪው ፊርማ ነው፤ ሌላው «አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል የምስክር ፊርማ ነው። ምስክሩ ነገሩ የሚገባው ሰው መሆን አለበት። ብዙው ሰው ይህን መስመር ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ያገኘውን ጠርቶ ያስፈርማል። አቶ ለምን ግን አንብቤ ካለ አንብቦ፣ ተረድቻለሁ ካለ ተረድቶ ነው።

አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ እቶኑ ሲበርድ፣ ሁለቱ በርጩማቸውን አስጠግተው ይቀመጡ ነበር። አቶ ለምን ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ዶክተሩ ይሰማል። ያልገባው ቦታ ሲደርስ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ ያወርድና ከገጹ ዳር ጥያቄውን ይጽፋል። ዶክተሩ ይመልሳል። መልሱ ካላረካው ጥያቄው እዚያው ያድራል፤ አንዱ ሦስት ሳምንት ቆይቷል። ሲያረካው እርሳሱን በላጲስ ያጠፋል፣ ፍርፋሪውን እፍ ይላል፣ በቀለም ይፈርማል።

«እኔ ደደብ ስለሆንኩ ነው፣ ወንድምዓለም» ይል ነበር። «እኔን ካስረዳህ ድንጋይም ይገባዋል።»

የዛሬ አሥራ አራት ወር፣ አንድ አርብ፣ ገጽ መቶ ሠላሳ አንድ ላይ ደረሰ። ገጹ የተሰነጠቁ ማሰሮዎች ሠንጠረዥ ነበር። ጣቱ ወርዶ ወርዶ ቆመ። እርሳሱን አወረደና «ለምን ማክሰኞ ብቻ?» ብሎ ጻፈ።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም የተሰነጠቁት አሥራ አንዱም ማሰሮዎች ማክሰኞ ቀን እቶን የገቡ ነበሩ።

«አጋጣሚ ይሆናል።»

«አጋጣሚ የሚባል ሰው አላውቅም። እስቲ ለሚመጣው አርብ አስብበት።»

እርሳሱን ጆሮው ላይ መልሶ ወጣ። እሁድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። ሰኞ ዶክተሩ ሥራ ሲገባ እቶኑ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ነው ያወቀው።

ቀብሩ ላይ ቆመ። ለቅሶ ቤት ከወንዶቹ ጋር አንድ ከሰዓት ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቤት አልተመለሰም። መጀመሪያ አቅም አጣ፤ ቀጥሎ አፈረ፤ ኋላ ላይ ማፈሩም ልማድ ሆነበት። ሥራውን ግን አላቆመም። እቶኑን ራሱ ያነዳል፣ ጠብታውን ይቆጥራል፣ መዝገቡን ይጽፋል። አርብ ከሰዓት በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛውን በርጩማ ከቦታው አላነሳውም።

ጡረታው አንድ ወር ሲቀረው፣ የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ ኃላፊዋ አስጠራችው። ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፣ ደግ ናት።

«ደስ ይበልዎት ዶክተር! የሸክላ ፋብሪካው ባለቤት እሺ ብለዋል። በሳምንት ስድስት ቀን ሊያመርቱት ነው። ከዛሬ ሁለት ሳምንት፣ አርብ ጠዋት እንፈራረማለን።» እያወራች መዝገቡን ታገላብጣለች። እጇ ቆመ። «ይኼ ምንድን ነው? ከመቶ ሠላሳ አንድ ጀምሮ ምስክር የለም።»

«ምስክሩ ሞተ።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር።» ገጹን ገለበጠች። «ታዲያ ሌላ ሰው ይፈርማ። ማንም ይሁን። ከፈለጉ የኔ ጸሐፊ ትፈርምልዎታለች፤ እጇ ፈጣን ነው።»

«አንብባ?»

ሳቀች። እሱ እንዳልሳቀ ስታይ ሳቋን ሰበሰበች። «ዶክተር፣ ያለ ምስክር ውሉ አያልፍም። እርስዎ ከወጡ ደግሞ ይህን ፋይል የሚከታተል ሰው የለም። መጋዘኑን ያውቁት የለም?»

ያውቀዋል። በፀሐይ የሚሠራ ምድጃ፣ የእጅ መፈልፈያ፣ እግር የሌለው ማድረቂያ፣ ሁሉም አቧራ ለብሰው፣ በእያንዳንዱ አንገት ላይ የአንድ ጡረተኛ ስም በክር ታስሮ።

በር ላይ ሲደርስ ጠራችው። «ደግሞ ያቺን እርሳስ ያጥፏት። እርሳስ ያለበት ገጽ አይቀበሉንም።»

ከሱ ክፍል ቀጥሎ አንድ ወጣት መምህር አለ። ዶክተሩ መዝገቡን ይዞለት ገባ፤ ምን እንደሚፈልግ ተናግሮ ሳይጨርስ ልጁ እስክሪብቶውን ከፈተ።

«የት ጋ ነው?»

«መጀመሪያ ታነበዋለህ።»

«ዶክተር፣ እርስዎን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» አለና ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። ዶክተሩ መዝገቡን ከሥሩ ሳበው። ልጁ ጠረጴዛው ላይ አንዲት የቀለም መስመር አስምሮ ቀረ። ክፋት አልነበረውም፤ ሊያከብረው ነው የፈለገው።

ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አንብቦ የሚረዳለት ሰው ማን አለ? ቢቆጥር ቢቆጥር አንድ ሰው ላይ ይቆማል፤ ለዚያች ሴት ደግሞ ፊት የለውም። የአቶ ለምን ባለቤት ጡረታ የወጣች የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። «እኔ ምን አለኝ፤ ዋናዋ ‹ለምን› ቤት ናት» ይል ነበር ባሏ።

ቅዳሜ ጠዋት በሯን አንኳኳ። ከፈተችና አየችው። ከሳ ብላለች።

«አሥራ አራት ወር» አለች። «ቆጥሬዋለሁ። ቆጣሪው አንተ ብቻ አይደለህም።»

«እቴ፣ ጥፋተኛ ነኝ።»

«ግባ። በር ላይ የቆመ ጥፋት ብርድ ነው የሚያስገባው።»

ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ንጹሕ ነው። ሬዲዮኑ ላይ የባሏ መነጽር ከነማህደሩ ተቀምጧል። ከጎኑ ባለው ኩባያ ውስጥ ቁራጭ እርሳሱና ላጲሱ አሉ። ሻይ ቀዳችለት። የመጣበትን ነገራት፤ ሌላ ነገር ሊናገር ፈልጎ ነበር፣ አልወጣለትም። መዝገቡን ተቀብላ ከፈተች።

«የጽሕፈትህ ነገር! ይኼን ዶሮ ናት የጫረችው? ማንበቡን አነበዋለሁ። ልረዳው ግን ቃል አልገባም። ማክሰኞ ና።»

ማክሰኞ ሄደ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቁርጥራጭ ወረቀት በየገጹ መሐል ገብቶበታል። ለየአንዳንዱ ጥያቄ ነበራት። እሱ ይመልሳል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ገጽ መቶ ዘጠና ላይ ድምር ተሳስቶ ስለነበር «ይኼን ተማሪዬ ቢጽፈው ዜሮ ነበር የምሰጠው» አለችው። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቀም። ይህን ያህል ካወራ ቆይቷል፤ ድምፁ ሻከረ።

«እንግዲህ ሰማንያ አንዱን ፈርሜያለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንዷን አልፈርምም። የቀሩት የሆነውን ነው የሚናገሩት፤ ይቺ ግን ትጠይቃለች።» ገጽ መቶ ሠላሳ አንድን ገለጠች። የባሏን እጅ ጽሑፍ በጣቷ አልነካችውም፤ ከጎኑ ነው ጣቷን ያሳረፈችው። «ሌላም ነገር አለ። ከዚህ ገጽ ወዲህ ረቡዕ እቶን ነድዷል፣ ሐሙስ ነድዷል። ማክሰኞ የት ሄደች?»

ዶክተሩ ሻዩን ፉት አለ።

«አሥራ አራት ወር ሙሉ ማክሰኞ አልነጋም?»

«ማክሰኞ እቶን አላነድም።»

«ለምን?»

ቃሉ በዚያ ቤት ውስጥ ሲነገር ሁለቱም አንድ ጊዜ ወደ ሬዲዮኑ አዩ። ዶክተሩ የሻይ ብርጭቆውን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

«መልሱ ከተገኘ እርሳሱ መጥፋት አለበት» አለ። «ሕጉ የራሱ ነው። መዝገቡ ላይ ያለችው የእጁ ጽሑፍ ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ ፊርማ ነው።»

መልስ ስትሰጥ ድምፅዋ የመምህርት ነበር። «ፋብሪካው በሳምንት ስድስት ቀን ነው የሚያነድ አላልከኝም? ማክሰኞ ማክሰኞ የተሰነጠቀ ማሰሮ በየሰው ቤት ሊገባ ነው። ድፍርሱ ውሃ በስንጥቁ ያልፋል፣ ሕፃን ይጠጣዋል። እሱ ይኼን ቢሰማ ምን ይልህ ነበር?»

«ይሰድበኛ።»

«ምን ብሎ?»

«‹ዶክተር ተብለህ!› ብሎ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች። «ስንጥቁ በየት በኩል ነው?»

«ከቁጥሩ ጀርባ።» በየማሰሮው ላይ ቁጥር ይጭርበታል፤ መደርደሪያ ላይ ሲደረደር ቁጥሩ ወደ ክፍሉ ይዞራል።

«ጀርባው ወደ የት ነው?»

«ወደ መስኮቱ።» መልሱ ከአፉ ሲወጣ እሱም አብሮ ሰማው። ነገ እቶን የሚገባ ማሰሮ ዛሬ ወደ መስኮቱ መደርደሪያ ይዛወራል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን አጥባ እንዲደርቅላት መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ነፋስ የመታው ጎን ቀድሞ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ሌላው ጎን ገና እርጥብ ነው። እሳት ሲያገኘው ይለያያል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነበር። አሥራ አራት ወር ያላሰበው መልሱ እንዳይመጣበት ነው።

«መገመት አይበቃም» አለች መምህርቷ። «ሠርተህ ጻፈውና አምጣ።»

ስድስት ቀን ጠበቀ። ሰኞ አሥር ማሰሮ መስኮቱ ሥር ደረደረ፤ አምስቱን በላስቲክ ሸፈነ፣ አምስቱን ገልጦ ተወ። ሠራተኛዋን «እንደ ወትሮሽ አድርጊ» አላት። ማክሰኞ እቶኑን አነደደ። ሐሙስ ጠዋት ከፈተውና አቶ ለምን እንዳስተማረው እያንዳንዱን በጣቱ አንኳኳ። ደህና ማሰሮ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ድምፁ የደነቆረ ነው። የተሸፈኑት አምስቱም ጮኹ። ከተገለጡት ሦስቱ ደነቆሩ። አዙሮ አያቸው፤ ከቁጥሩ ጀርባ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ላይ ጽፎ ፈረመና ሄደ።

አዲሱን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። ጣቷን በመስመሩ ላይ ትጎትት ነበር። ዶክተሩ ወለሉን እያየ ሰማ።

«አምስት ማሰሮ ለእሱ አይበቃውም ነበር» አለች።

«አይበቃውም።»

«መስኮቱን ዝጉ ለማለት ግን ይበቃል።» ፈረመች። ወደ ገጽ መቶ ሠላሳ አንድ መለሰችው፤ ከኩባያው ውስጥ ላጲሱን አወጣች። ለራሷ መስሎት ነበር። ወደ እሱ ዘረጋችው።

«አንተ አጥፋው። የጠየቀው አንተን ነው።»

ላጲሱ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ተንጋድዷል፤ የሌላ ሰው አያያዝ የሠራው ቅርጽ ነው፤ ለእሱ እጅ አልተመቸም። ከመጨረሻው ጀመረ። «ብቻ» ጠፋ። «ማክሰኞ» ጠፋ። «ለምን» ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ጨርስ» አለችው በቀስታ።

ጨረሰ። ፍርፋሪውን እፍ ሊለው ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እስትንፋሱን ያዘ። እሷ በመዳፏ ጠርዝ ሰብስባ፣ ሌላኛው እጇ ላይ አራግፋ ጨበጠችው። በቀኟ ፈረመች።

መዝገቡን ብብቱ ሥር አድርጎ ተነሣ። አንድ ቃል እስክትናገር ጠበቀ፤ እሷም ምናልባት እንደዚያው። በሩን ቀስ ብሎ ሲዘጋ፣ ጭብጧን ይዛ በክፍሉ መሐል ቆማ ነበር፤ ወዴት እንደምትጥለው አላወቀችም።