ዊንዶው የቀየርኩ ሰሞን

አየር ጤና፣ ከታክሲ ፌርማታው ወረድ ብሎ ካሉት ሱቆች በአንዷ ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ፣ ላሚኔትም አደርጋለሁ፤ እንጀራዬ ግን ማመልከቻ ነው። ባለጉዳይ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የደረሰበትን ይነግረኛል። እኔ ፊቱን እያየሁ እጽፋለሁ። ኪቦርዱን ዝቅ ብዬ ካየሁት ዘመን አልፎታል። ሰውየው ሲሳደብ ስድቡን አስቀራለሁ፣ የረሳውን እጠይቀዋለሁ፣ ተናግሮ ሲጨርስ ወረቀቱም ያልቃል። "አንቺ እኮ እጅሽ ማሽን ነው" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ምን አስዋሸኝ?

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። የተጫነበት የአማርኛ መጻፊያ ደግሞ ከእሱ የባሰ አሮጌ። ከጎኔ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረቤት አለኝ፤ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ አፉ ግን የታክሲ ረዳት ነው። በየጠዋቱ አንገቱን በበሬ ያስገባል።

"ማዘር፣ ይቺን ነገር መቼ ነው ፎርማት የምናደርጋት? አዲሱን ዊንዶው ልጫንልሽ። ይቺ እኮ ጡረታ ወጥታለች።"

"ማዘርህን ቤትህ ሄደህ ጥራ። የሚሠራ ነገር አይነካም።"

"ዛሬ ይሠራል። አንድ ቀን ጥቁር ስክሪን አሳይታሽ ጸጥ ትላለች። ያኔ እሪ ብትዪ የለሁበትም።"

እውነቱን ነበር፤ እውነቱን ስለሆነም ያናድደኝ ነበር። ችግሩ አዲሱ ዊንዶው የእኔን መጻፊያ አይቀበልም። በአዲሱ መጻፊያ ደግሞ የፊደሎቹ ቁልፍ ሁሉ ሌላ ነው። አንድ ቀን በራሱ ላፕቶፕ "እስቲ ሞክሪው" አለኝና ተቀመጥኩ። "ለወረዳው ጽሕፈት ቤት" የምትለዋን፣ ተኝቼም የምጽፋትን፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ላብ በላብ ሆንኩ። አንዱን ስነካ ሌላው ይወጣል። እሱ ከጀርባዬ ቆሞ "አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲለኝ ላፕቶፑን ከድኜ ወጣሁ። ሱቄ ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ አለቀስኩ። ሃምሳ ካለፈኝ በኋላ ሀ ሁ ልቁጠር? ፍጥነቴ ከሄደ ደንበኛዬም ይሄዳል። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ወጣት ሴቶች አዲስ ጽሕፈት ቤት ከፍተዋል፤ ሲጽፉ እጃቸው አይታይም።

ስለዚህ እንቢ አልኩ። እንቢታዬም ይከርም ነበር፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር የሚመጡ አንዲት እናት ባይኖሩ ኖሮ። ከበላያቸው ያለው ጎረቤት የሠራው አጥር የክረምቱን ጎርፍ እሳቸው ግቢ እየለቀቀባቸው ለወረዳ አቤት ሊሉ ነው። ጻፍኩላቸው። ሶፍት ኮፒም አምጡ ስለተባሉ በፍላሽ አድርጌ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ፣ ቱግ ብለው መጡ።

"ልጄ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ?"

"ምን ሆኑ እማማ?"

"ፍላሹን ከፈቱት። አማርኛ የሚባል የለበትም! የፈረንጅ ፊደል ከነጥያቄ ምልክቱ ተዝረክርኳል። ልጅቷ 'እማማ፣ ይሄ ምን ቋንቋ ነው?' ብላ ሳቀች። ከኋላዬ የተሰለፈውም ሳቀ።"

"ወረቀቱንስ አላዩትም?"

"ሁለቱ አንድ ላይ ሲሟላ ነው አሉኝ። ዝናቡ እንደሆነ እስኪሟላ አይጠብቀኝ።"

ወዲያው ገባኝ። የእኔ መጻፊያ የጻፈውን፣ ያው መጻፊያ ያልተጫነበት ኮምፒውተር አያነበውም። ድሮ ሁሉም ቤት እሱው ስለነበረ ማንም ልብ አይለውም፤ አሁን የቀረሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እኔን ብቻ ቢያሳጣኝ ግድ አልነበረኝም። እሳቸውን፣ በዚያ ዕድሜ፣ በሰው ፊት መሳቂያ ማድረጉ ግን አንገበገበኝ። እጃቸውን ይዤ ማዶ ተሻገርኩና፣ ወረቀቱን ለሁለቱ ወጣት ሴቶች ሰጥቼ እንደገና አስጻፍኩላቸው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ የእነሱን ጣት ሳይ የተሰማኝን እግዜር ይወቀው።

ተመልሼ ጎረቤቴን ጠራሁት። "ና፣ ፎርማት አድርጋት።"

"ማዘር፣ አሞሻል እንዴ?"

"ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ በል!"

አልቀለደም። የድሮ ፋይሎቼን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ አዲሱን ዊንዶው ጭኖ፣ አዲሱን መጻፊያም አስገብቶ ሰጠኝ። ፕሪንተሬም ያለ ጭቅጭቅ አተመ። ሁሉም ነገር ሠራ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሠራሁት።

ያ ሰሞን አይነሳ። ባለጉዳይ ሲናገር እኔ አቀርቅሬ ፊደል ፍለጋ ነው። "ቆይ አንዴ፣ ቆይ" እላለሁ፤ ሰውየው የቱ ጋ እንደነበረ ይጠፋዋል፣ እኔም ይጠፋኛል። አንዱ "ለራሴ በእጄ ብጽፈው ይሻል ነበር" ብሎኝ ወጣ። ስንት ማመልከቻ የጻፍኩላት፣ ከቤቴል ሰፈር የምትመጣው ደንበኛዬ ከመንገድ እጇን አውለብልባልኝ ወደ ማዶ ተሻገረች። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ቆሽቴ ግን አረረ። ሱቁ ጭር ሲል የድሮ ማመልከቻዎችን እያወጣሁ እንደገና እጽፋለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ ኮምፒውተሩን እረግማለሁ፣ ከዚያ እንደገና።

በዚህ መሀል የዓለም ባንኳ እናት መጡ። ወንበሩን ስበው ሲቀመጡ ቀደምኳቸው።

"እማማ፣ እጄ እንደ ድሮው አይደለም፤ አስጠብቅዎታለሁ። ማዶ ቢሄዱ በአንዴ ይጨርሱልዎታል።"

"ከእነሱ ዘንድ ነው የመጣሁት።"

"እና ምን አሉዎት?"

"ምን ይሉኛል! ገና 'ያ የጎርፉ ነገር' ስላቸው 'ገባን እማማ' ብለው ጀመሩት። ፈጣኖች ናቸው፣ ይባረኩ። እኔ ሳልነግራቸው እነሱ ጨርሰው አነበቡልኝ። ለካ የጻፉት ዳግመኛ ክስ ነው! ያ ጎረቤቴ እኮ አጥሩን አፍርሶ ውኃውን በሌላ በኩል መለሰልኝ። ሽማግሌም ልኮ ይቅርታ ጠይቆኛል። እኔ የመጣሁት ክሴን ላነሳ ነው።"

ሳቅ አፈነኝ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቀረረ። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበሩ ላይ ተደላደሉ።

"ከየት ልጀምርልሽ?" አሉኝ።

"ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እማማ። ብቻ ቀስ ይበሉልኝ" አልኳቸው፤ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላፍር።