የላንቴው ማጣሪያ ሲመረቅ

ሰኞ ማለዳ፣ ከሶዶ

ሶዶን ለቀን ቁልቁል ወደ ዓባያ ሐይቅ ስንወርድ ገና ሰማዩ አልጠራም። ላንድሮቨሩን ጋሽ ታደሰ ይነዳሉ፤ እኔ የውኃ መመርመሪያ ጠርሙሶቼን አቅፌያለሁ። ላንቴ አጠገብ ለእርሻ ሠራተኞች ካምፕ የተሠራው ትንሽ የፍሳሽ ማጣሪያ ሊመረቅ ነው። የእኔ ሥራ ከማጣሪያው የሚወጣውን ውኃ መርምሬ ውጤቱን ለክብር እንግዳው ማስረዳት ነው። ውጤቱ ጥሩ ይሁን ያለኝ የለም፤ አለቃዬ ሲሸኘኝ ግን ያልለመደበትን ፈገግታ አሳየኝ።

ምዕራብ ዓባያ ላይ ከበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ የተቀቀለ ኩርኩፋ በሀለኮ፣ በሽፈራው ቅጠል በላን። ከዚያ በኋላ አቧራና ሙዝ ብቻ።

ቀትር፣ ላንቴ

ማጣሪያው ሸምበቆ የተተከለባቸው ሁለት ኩሬዎች ናቸው። ውኃው እስከ ታች ያሳያል።

"ፍሳሹ የታለ?" አልኩት የግንባታውን ኃላፊ ጓድ መኮንንን።

"ቧንቧው ነገ ነው የሚገናኘው። ኩሬው ባዶ እንዳይታይ ከአርባ ምንጭ የምንጭ ውኃ በቦቴ አምጥተን ሞላነው።"

"ታዲያ ምኑን ልመርምር?"

"ያለውን።"

ያለውን መረመርኩ። እጅግ ንጹሕ ነው።

እንግዳው ሲደርሱ የሰፈሩ ሴቶች ከኩሬው በእንስራ እየቀዱ ነበር። እንግዳው ደስ አላቸው። ሰፊው ሕዝብ የተጣራ ውኃ መጠጣት ጀመረ ብለው ሲናገሩ አብሯቸው የመጣው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፃቸውን በቴፕ ቀዳ። ጭብጨባው ሲያበቃ ከቀጂዎቹ አንዷን፣ አስቴር የምትባለውን፣ ለብቻዋ ጠራኋት።

"ከነገ ጀምሮ የካምፑ ቆሻሻ እዚህ ይገባል። እንዳትቀዱ።"

"እስካሁንስ ወዴት ነበር የሚገባው?"

የሚጠጡበትን ወንዝ በአገጬ አሳየኋት። እንስራዋን አስቀምጣ ወንዙን አየችው።

"ትንሹ ልጄ ክረምቱን ሙሉ ተቅማጥ ሲያሠቃየው ነው የከረመው" አለች።

ማክሰኞ፣ ምዕራብ ዓባያ

አርባ ምንጭ አድረን ስንመለስ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። የላንቴ ነዋሪዎች ከማጣሪያው መጠጣት መጀመራቸውን ያበስራል።

ጋሽ ታደሰ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። "አንቺን የሰማችሽ አንዲት ሴት ናት፤ ይሄንን ግን አገሩ ሁሉ ሰማ።"

"ወደ ላንቴ ይመልሱኝ፣ ጋሼ።"

"ከተመለስን ነዳጁ ሶዶ አያደርሰንም።" ይህን እያሉ ወጥተው መኪናውን አዞሩ።

ያው ማክሰኞ፣ እንደገና ላንቴ

ቧንቧው ተከፍቷል፤ ኩሬው ደፍርሷል። ሴቶቹ ባዶ እንስራ ይዘው ዳር ላይ ይከራከራሉ። ጓድ መኮንንም እዚያው ቆሟል።

"እህቴ፣" አለችኝ አስቴር፣ "አንቺም በመንግሥት መኪና ነው የመጣሽው፤ ሬዲዮውም የመንግሥት ነው። የትኛውን እንመን?"

ሬዲዮው ተሳስቷል ብሎ በአደባባይ መናገር በዚህ ጊዜ የሚያስከትለውን አውቃለሁ። ከደፈረሰው ኩሬ አንድ ጠርሙስ ቀዳሁና ለጓድ መኮንን ዘረጋሁለት።

ጠርሙሱን አየ፤ ሴቶቹንም አየ። "አሁን አልጠማኝም" አለ።

ሴቶቹ ተሳሳቁ። አስቴር ግን አልሳቀችም። "ወንዙ እስኪጠራ ለእንግዳው የመጣው ቦቴ ለእኛም ይምጣ" አለች።

"ናፍጣ የለውም" አለ ጓድ መኮንን።

ጋሽ ታደሰ የላንድሮቨሩን የናፍጣ ታንክ ክዳን ከፈቱና ጎማ ቱቦ ፈለጉ።

ቦቴው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከምንጮቹ ተመለሰ። እኛ ነዳጅ እስኪላክልን አስቴር ቤት አረፍን። እሷም አዲሱን ውኃ በጣሳ ቀድታ አሸተተችው። ከዚያ ለእኔ አቀበለችኝ፤ ጠጥቼ እስክጨርስ ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ለትንሹ ልጇ የቀዳችለት ከዚያ በኋላ ነው።