መሣሪያ የማን ልጅ ነው?

ዛሬ ጠዋት ከሰርዶ በጭነት መኪና የመጡ አንድ ሽማግሌ ክፍሌ በር ላይ ጠበቁኝ። «ግሎ ግሎ የሚበታተነው ነገር እዚህ ነው ያለው?»

ትናንት እዚህ ሰመራ ፊዚክስ ሳስተምር «የአቶም እምብርት ከልክ በላይ ሲግል ለሁለት ብቻ አይከፈልም፤ ባንዴ ብትንትኑ ይወጣል» ብዬ ነበር።

ተማሪዎቼ በዳጉ አወሩት። መንገደኛ ሲገናኝ የሚቀባበለው የአፋር ዳጉ ደግሞ ዝም ብሎ የሚሰሙት ወሬ አይደለም፤ ማን እንዳየው፣ ያየውም የማን ልጅ እንደሆነ ይጣራል።

«በዓይንህ አይተሃል?»

«አላየሁም፣ አባቴ።»

«ማን አየ ታዲያ?»

«በዓይን አይታይም። ቁርጥራጮቹን የሚያያቸው መሣሪያ ነው።»

«መሣሪያ የማን ልጅ ነው?»

እዚህ ላይ ዲግሪዬ አለቀ።

ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና «ሙቀት የሚበትን ቢሆን የሰመራ ሰው ይኸኔ ከመሬት ይለቀም ነበር» ብለውኝ ሄዱ።

እናንተስ፣ ያስተማራችሁት ነገር መኪና ተሳፍሮ መጥቶባችሁ ያውቃል?